ምንም የሌለበት ላፕቶፕ

ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ሱቄ ኮምፒውተር ይዞ የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ገና ቦርሳውን ሳይከፍት የሚነግረኝ ነገር አንድ ነው፤ «ምንም የለበትም፣ ዝም ብለሽ አጥፊውና አዲስ ዊንዶው ጫኝልኝ።» እኔ ግን ዝም ብዬ አላጠፋም። እከፍተዋለሁ። ምንም የለበትም ከተባለው ኮምፒውተር ውስጥ የእኅቱ ሠርግ ይወጣል፣ በሚመጣው ሳምንት የሚቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣል፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር ከነከበሮው ይወጣል። «ይኼስ?» ስለው ባለቤቱ ዓይኑን ያፈጥጥብኛል። «እሱማ ይቀመጥ እንጂ» ብሎ ይቆጣኛል፣ ይጥፋ ያልሁት እኔ ይመስል።

አንዳንዱ ደግሞ ሱቁ ውስጥ እኔን ብቻ ሲያይ አንገቱን ወደ ጓዳው አስግጎ «ባለሙያው የለም?» ይለኛል። ምሳ ሄዷል፣ ትተኸው ሂድ እለዋለሁ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ አዲስ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ለባለሙያውም ምስጋናውን በእኔ በኩል ይልካል። አደርሳለሁ። ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት ወይ ፀጉር ትሠራለች ወይ ዶሮ ታረባለች ተብሎ ተወስኗል፤ እኔ ደግሞ ዶሮ እፈራለሁ። የኮምፒውተሩን ሥልጠና የወሰድሁት በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ሌላ ትልቅ ራእይ አልነበረኝም።

እንግዲህ በአንድ የገበያ ቀን አጎቴ መጡ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ጉና ሥር ገብስና ድንች ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልለው፣ ጋቢውን በማዳበሪያ ከረጢት ከተው፣ አውቶቡሱ ላይ ጉልበታቸው ላይ ታቅፈውት ነው የመጡት። የጉና ብርድ የለመደ ዕቃ የደብረ ታቦር ሙቀት እንዳይመታው ይሁን አልገባኝም። ከረጢቱን ፈተው፣ ጋቢውን ገልጠው፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና «ጥረጊው» አሉኝ።

ላፕቶፑን አውቀዋለሁ። የላከችው የአጎቴ ልጅ ናት፤ ከእኔ በኋላ ዓረብ አገር ሄዳ እስከዚያ ቀን ድረስ እዚያው ሰው ቤት የምትሠራ። የላከችው ወንድሟ እንዲማርበት ነበር። ተማረበት፣ ተመረቀ፣ ይፋግ ከአንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ፤ ላፕቶፑን ግን ቤት ትቶት ሄደ። በበዓል በበዓል ሲመጣ ፊልም ያይበታል።

«ልትመጣ ነው» አሉ አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሱቁ ውስጥ ከእኔና ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ በቀር ማንም አልነበረም። «በሚመጣው ሳምንት ትገባለች። መጀመሪያ የምትጠይቀው ይችን ዕቃ ነው። የእናቷ ለቅሶ ደግሞ እዚች ውስጥ ነው ያለው።»

የአጎቴ ሚስት፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ካረፉ አንድ ክረምት አልፎ ነበር። ልጃቸው ግን አልተነገራትም። በእኛ አገር ባሕር ማዶ ላለ ልጅ እናቱ አትሞትበትም፤ ጸበል ትገባለች። መርዶ በስልክ አይነገርም። ልጁ እስኪመጣ ይጠበቃል፣ ሲመጣ በልቶ ጠጥቶ ያድራል፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹና ነፍስ አባቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገብተው ያረዱታል። እስከዚያ ድረስ ሟች ጸበል ላይ ነው። ለምን ጸበል ቢሉ፣ ስልክ አይገባማ። ኔትወርክ ተራራ ላይ ሳይቀር ወጥቶ ሰዉ ሁሉ ቪዲዮ በሚያይበት ዘመን፣ የእኛ ጸበሎች ብቻ እንዴት ያለ ጉድ ቢሆኑ ነው ሞገድ የማያልፍባቸው፣ የቴሌ ሰዎች ቢመረምሩት ደግ ነበር።

እኔም በጊዜዬ እናቴ ጸበል ገብታ ነበር። ረዥም ጸበል ነበር። ወንድሜ በደወልሁ ቁጥር ተሽሏታል ይለኛል፤ ተሽሏት ተሽሏት የማትመለስ እናት ግን አላውቅም ነበርና ውስጤ ተጠራጠረ። ስመጣ መናኸሪያ ድረስ ወጥተው እየሳቁ ተቀበሉኝ። ከዘመዶቼ ማንም እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም፤ አሁን ሳስበው ተለማምደውት ነበር የመጡት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

አልዋሽም፣ የልማዱ ምክንያት ይገባኛል። እዚያ ሳለሁ ከእኛ ፎቅ ፊት ለፊት ባለው ቤት የምትሠራ የእስቴ ልጅ ነበረች። መርዶዋን በስልክ ሰማች። ያን ቀን ቤቱ እንግዳ ነበረበትና ሳህን እያጠበች ዋለች። ከመስኮት አያት ነበር፤ ታጥባለች፣ ትደረድራለች፣ በክንዷ ፊቷን ትጠርጋለች፣ እንደገና ታጥባለች። ከጎኗ ሆኖ የሚይዛት አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሰው በሰው መሀል ሆኖ ይረዳ መባሉን አልጠላም።

የማልምረው ሌላውን ነው። ወንድሜ የለቅሶው ፎቶ እንዳይታየኝ ብሎ፣ የእናቴ ድምፅ የነበረበትን ስልክ ሙሉ ለሙሉ አጽድቶ ነው የጠበቀኝ። እናቴ ስትስቅ፣ ስትቆጣ፣ ጎረቤት ስትጠራ የተቀዳው ሁሉ ከለቅሶው ጋር አብሮ ሄደ። በጎ እንዳደረገ አስቦ ነበር፣ ምስኪን። አሁን የእናቴን መልክ ከአንዲት የመታወቂያ ፎቶ አየዋለሁ፤ ድምፅዋን ግን እየረሳሁት ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፣ ያስለቅሰኛልም። ኮምፒውተር ሳልከፍት የማላጠፋው ለዚሁ ነው፤ የሙያ ሥነ ምግባር የሚመስለው ካለ ይምሰለው።

ስለዚህ ለአጎቴ ደግ አማራጭ አቀረብሁላቸው።

«ለቅሶውን ብቻ ለይቼ ላውጣው፣ አጎቴ። ሌላው ይቀመጥላት።»

አይሆንም አሉ። ከእነሱ ማዶ ባለ መንደር አንድ ቤተሰብ ስልክ ላይ ለይተን አጠፋን ብሎ፣ ልጅቱ ሻንጣዋን ሳትፈታ ስልኩ ራሱ የዛሬ ዓመት ትዝታ ብሎ የአባቷን ሬሳ ሳጥን አውጥቶ አሳይቷታል። ልጅቱ ወድቃ በውሃ ነው የነቃችው። ስልክ እንዲህ ያለ አሳባቂ መሆኑን እኔም አውቃለሁ።

«ጎተራ ነቀዝ ሲገባው» አሉኝ አጎቴ፣ «ፍሬ ለቅመሽ ነው የምታወጪው? ሙልጭ አድርገሽ ትገለብጭዋለሽ፣ ውስጡን ታጥኚዋለሽ፣ በእበት ትለቀልቂዋለሽ፣ ሲደርቅ አዲስ እህል ታገቢበታለሽ። እንደዚያ አድርጊልኝ።»

ሥልጠናው ላይ አስተማሪያችን ፎርማት ምን እንደሆነ ሲያስረዳን ቀኑን ሙሉ ፈጅቶብን ነበር፤ ከእበቱ በቀር ልዩነት የለውም።

«እትዬ በደኅናቸው ጊዜ የተነሡት ነገር የለበትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አጎቴ ወደ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ዞሩ። ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ካዩት በኋላ «ምንም የለበትም» አሉ። ከዚያ ማረሻ ገዝተው እንደሚመለሱ፣ ሲጠረግም በዓይናቸው ማየት እንደሚፈልጉ ነግረውኝ ወደ ገበያው ወጡ።

ከፈትሁት። ገጹ ላይ የአንድ ፈረንጅ ኳስ ተጫዋች ፎቶ፣ በእሱ ዙሪያ ደግሞ «ኒው ፎልደር»፣ «ኒው ፎልደር» የሚባሉ አቃፊዎች ተደርድረዋል። የአጎቴ ልጅ ዲግሪ አለው፤ ስም ማውጣት ግን ኮርስ አልተሰጠውም መሰለኝ። አንዱን ስከፍት ለቅሶው መጣ። የቀረጸው ሰው የሠርግ ቀራጭ ስለነበር ሁለት ነጭ ርግቦች ከግራና ከቀኝ በርረው መጥተው ሬሳ ሳጥኑ ላይ ይሳሳማሉ። አልቃሿ የእትዬን ሙያ በዜማ ስትቆጥር ከላይ የጽጌረዳ አበባ ይዘንባል። ሳቄ መጣ፤ እትዬም ቢያዩት የሚስቁ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ካሉት አቃፊዎች አንዷ ብቻ በአማርኛ ተጽፋለች፤ «የሚላክ» ትላለች። ውስጧ እትዬ ነበሩ።

አንዱን ቪዲዮ አየሁት። እትዬ ደጅ ተቀምጠው ድንች ይለያሉ፤ ትልቁን ለገበያ፣ ትንሹን ለዘር። ልጃቸው ከካሜራው ኋላ ሆኖ ለእኅቴ ተናገሪ ይላቸዋል። መጀመሪያ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ቪዲዮ እኮ ነው፣ ተናገሪ ሲላቸው ድንቹን ወደ መለየት ተመለሱ፤ አንደበታቸውም ተፈታ። ብርድ ልብስ መላክ ተይ አሏት፣ ቤቱ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ሆኗል፣ በጎቹ ብቻ ናቸው ያልለበሱት። ግራጫዋ በግ መንታ ወልዳለች፤ አንደኛዋን በስምሽ ጠራናት፣ እንዳንቺው ሌሊት ሌሊት ትጮኻለች አሏት። ሳሉ፤ ሳሉን ብርድ ነው ብለው አለፉት። መጨረሻ ላይ ወደ ካሜራው ከመጠጋታቸው የተነሣ ግንባራቸው ብቻ ነበር የሚታየው።

«አሁን ደረሳት?» አሉ።

ልጃቸው ገና ነው፣ ኔትወርክ ሲመጣ እልከዋለሁ አላቸው። ሲደርሳት ንገረኝ ብለው ወደ ድንቻቸው ዞሩ። እዚያ ላይ ያልቃል።

አልተላከም። ቪዲዮው ትልቅ ነው፣ ኔትወርኩ ደካማ ነው፣ ዛሬ ነገ ሲባል እትዬ ታመሙ፣ ከዚያማ ጸበል ገቡ። ሱቁን ዘግቼ አለቀስሁ። የአጎቴን ሚስት ይሁን እናቴን ያለቀስሁት ለይቼ አላውቅም። ስጨርስ «የሚላክ» የምትለዋን አቃፊ እንዳለች በፍላሽ ገለበጥሁ፣ ፍላሿን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርሁ፣ ፊቴን ታጥቤ ሱቁን ከፈትሁ። ለቅሶውንም በሌላ ፍላሽ አስቀመጥሁት፤ ርግቦቹ ለተዝካር ሊፈለጉ ይችላሉ።

አጎቴ ማረሻቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተመለሱ። ማረሻውን ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ አስደግፈው፣ ከአጠገቤ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። እንዳይመለስ ነው የምፈልገው ብለውኛልና እንደማይመለስ አድርጌ ጀመርሁት፤ ሃርድ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ የሚሞላው ዓይነት ነው። ገጹ ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር በቀስታ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። አጎቴ መስመሯን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩዋታል። መስመሯ ከመንገዱ አጋማሽ ስትደርስ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ቀድሞ የሞተ ነበርና እሱም አብሮ ጠፋ።

እግዜር አልወደደው ይሆን ብለው ጠየቁኝ። መብራት ኃይል ነው አልኋቸው። ሰፈሩ ሁሉ መጥፋቱን በሩ ላይ ወጥተው አረጋግጠው ተመለሱ፤ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። መብራቱ ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁ። አጎቴም እንደገና ተቀመጡ።

መስመሯ ወደ ጫፍ ስትቃረብ፣ ከገጹ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ «እሷም ወጣች?» አሉኝ።

ምንም የለበትም ያሉትን ረስተውት ነበር ወይም አልረሱትም። ምን እንደምል ጨነቀኝ። ፍላሿ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ናት፤ ብነግራቸው ያችንም ስጪኝ ይሉኛል፣ ማረሻውም በቅርብ ነበር። ባልነግራቸው ደግሞ ፊታቸው ያሳዝናል። ሰው ሚስቱን በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ሲቀብር የማየት ዕድል ገጥሞኛል፣ ሁለተኛውን ደግሞ ሬሳ ሳጥኑ የሚወርድበት መጫኛ በእኔ እጅ ነው። ቋጠሮውን በእጄ ሸፈንሁት። እሳቸውም መልስ የሚጠብቁ አይመስሉም ነበር።

አዲሱን ዊንዶው ጫንሁ። ገጹ ላይ ከራሱ ጋር የሚመጣው ሥዕል ወጣ፤ ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ አሸዋ፣ ሰው የለም። የማን አገር ነው አሉኝ። የማንም አይደለም፣ እንዲሁ አብሮ ይመጣል አልኋቸው። ንጹሕ ነው አሉ፣ በጋቢያቸው ጠቀለሉት፣ ማረሻቸውንም ላፕቶፑንም ይዘው ወጡ።

የአጎቴ ልጅ ከዓረብ አገር ለእኔም በየጊዜው ትደውል ነበር። ስለ ሥራዬ ትጠይቀኛለች፣ ስለ አሠሪዋ ትነግረኛለች። ስለ እናቷ ግን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ያኔ አልገረመኝም፤ መዋሸት ስለማልችል እግዜር ያዘነልኝ መስሎኝ ነበር።

በምትገባበት ቀን ወደ ጉና ወጣሁ። እንዲህ ያለ ዝግጅት አይቼ አላውቅም። መንደሩ በሙሉ ጥቁሩን አውልቆ ነጭ ለብሷል። አጎቴ ከለቅሶው ጀምሮ ያሳደጉትን ጢም ተላጭተው አገጫቸው ለብቻው ገርጥቶ ይታያል። ግድግዳው ላይ የነበረው የእትዬ ትልቅ ፎቶ ወርዶ ከእህል ከረጢት ኋላ ተሸሽጓል፤ ጭስ ያላገኘው ቦታ ግን አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷልና የመድኃኔ ዓለም ሥዕል ተሰቅሎበታል። ሥዕሉ አነሰ፤ ዙሪያው ይታያል። አንዲት ጎረቤት ደጋግማ ትስቃለች፤ እየተለማመደች ነው።

መጣች። ሁሉንም እያገላበጠች ሳመች። ከዚያ እማዬስ አለች። ጸበል ናት አልናት፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ዘማሪዎች እንደዚያ አይገጥሙም። የቱ ጸበል ስትል ግን ያልተለማመድነው ጥያቄ መጣ። አንዱ በስተ ምሥራቅ ያለውን ጠራ፣ ሌላዋ በስተ ምዕራብ ያለውን ጠራች፣ ወንድሟ በሁለቱም ትመላለሳለች ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረ። እሷ ራሷን ነቀነቀች። ደግ፣ ነገ እንጠይቃታለን አለች።

ላፕቶፑን አመጡላት። አዲስ አስደርገንልሻል አሉ አጎቴ። ከፈተችው፤ ሰማያዊው ባሕር ወጣ። አቃፊ ፈለገች፣ አንድም አልነበረም። ባሕሩን ለረዥም ጊዜ አየችው። እኔ ነጠላዬን ጨብጬ ከጥግ ተቀምጫለሁ። አሁን ብሰጣት መርዶው በእኔ አፍ ይሆናል፤ መርዶ ደግሞ የአባቷ ነው። ክዳኑን በቀስታ ዘጋችውና እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ አለቻቸው።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ነፍስ አባቷን አስቀድመው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አባ ንግግራቸውን አዘጋጅተዋል፤ ከአዳም ይጀምራሉ፣ በኢዮብ በኩል አድርገው፣ ወደ እትዬ ይወርዳሉ። በእኔ ጊዜም እንደዚያ ነበር። በሩ ተከፈተ፤ አጎቴም አብረው ገቡ።

የአጎቴ ልጅ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ከሻንጣ የወጣ፣ የካውያው እጥፋት ያልለቀቀው። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራለች። ሁላችንም ነጭ ለብሰን ከፊቷ ቆምን። አባ «አዳም አባታችን» ብለው ጀመሩና እዚያው ላይ ቀሩ።

«አውቃለሁ፣ አባ» አለች። «እዚያው ሳለሁ ነው የሰማሁት። የአገር ልጅ ነገረችኝ።»

ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። ለምን ደበቃችሁኝ አላለቻቸውም። እሳቸው እስኪነግሯት እንደጠበቀች፣ በሰው ቤት ብቻዋን ካለቀሰችው ለቅሶ ሌላ መርዶውን ከእሳቸው አፍ እንደፈለገች ነገረቻቸው። ከሞቱ በኋላም ለእናቷ ብርድ ልብስ ስትልክ የነበረው ማወቋን እንዳያውቁባት ነበር። እኛ ለእሷ ስንዋሽ፣ እሷ ለእኛ ስትዋሽ፣ እትዬ ብቻ ነበሩ ሳይዋሹ ያረፉት። ብርድ ልብሶቹ ያላንዳች ጥፋታቸው ከእህሉ አጠገብ ተከምረው ነበር።

አጎቴ ወደ እሷ ቀረቡ። «እናትሽ አርፋለች» አሏት። ሁሉም የሚያውቀውን፣ እሷም የምታውቀውን። እሷ ግን አሁን ገና እንደ ሰማች ሆና ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ያዘች።

ቀና ስትል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ድምፅዋን ያስቀመጠ አለ?» አለች። «ስልኬን አሠሪዬ ወስዳብኝ ያለኝ ሁሉ ጠፍቷል። እረሳዋለሁ ብዬ እየፈራሁ ነው።»

ሁሉም ወደ ላፕቶፑ ዞረ፤ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ወንድሟ መሬት መሬት ያያል።

«እኔ ነኝ» አሉ አጎቴ። «እኔ ነኝ ያስጠረግኋት። ተቀምጬ እያየሁ አስወጣኋት።» ገና የተላጨ አገጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሰው እንደዚያ ሲያፍር ማየት አልወድም። ከገበያው ቀን ጀምሮ በልቤ ስቀየማቸው የቆየሁት ሁሉ እዚያው ለቀቀኝ።

ነጠላዬን ፈታሁ። ቋጠሮው ጠብቆ ነበር፤ በጥርሴ ነው የፈታሁት። ፍላሿን ሳወጣ አባ ክታብ መስሏቸው ፊታቸውን አጨፈገጉ። ላፕቶፑን ከፍቼ ሰካኋት። በሶላር የተሞላ ባትሪ ገዝተውለት ነበርና ቶሎ ተነሣ፤ ባሕሩ መጣ፣ ባሕሩ ላይ «የሚላክ» የምትለዋ አቃፊ ወጣች። አጎቴ ማንበብ አይችሉም፤ ፊቴን ነው ያነበቡት።

እትዬ ወጡ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ድንች ይለያሉ። ስትስቅ የነበረችው ጎረቤት ሳትቀር ሁሉም ወደ ገጹ ተጠጋ። ብርድ ልብስ መላክ ተይ አሉ እትዬ፤ ሁላችንም ወደ ክምሩ አየን። በጓ መንታ ወልዳለች አሉ። ደጅ በስሟ የተጠራችው በግ አሁን ትልቅ ሆና ትጮኻለች። ሳሉ፤ ብርድ ነው አሉ። አጎቴ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ድምፁ አስጠጉ። እትዬም ወደ ካሜራው እየተጠጉ መጡ፣ ግንባራቸው ገጹን ሞላው።

«አሁን ደረሳት?»

«ደረሰኝ፣ እማዬ» አለች የአጎቴ ልጅ።

ለቅሶው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።